የሁለተኛ ክፍል መስከረም፦ መጽሐፉ ከመገለጡ በፊት

ሁለተኛ ክፍል ለተመደበ መምህር የሚያዝንለት ሰው የለም። አንደኛ ክፍል የደረሰውን ሁሉም «አይዞህ» ይለዋል፤ የሚያለቅስ፣ እናቱን የሚጠራ፣ ሱሪው ላይ የሚሸና ሕፃን ይጠብቀዋልና። ወደ ሁለተኛ ክፍል ግን የተገራ ልጅ ይመጣል ተብሎ ይታሰባል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይህን ክፍል ለብዙ ዓመታት ይዤያለሁ፤ በመስከረም በር የገባ የተገራ ልጅ አላየሁም። የሚመጣው ክረምቱን ሙሉ ሲሯሯጥ የከረመ፣ ሰኔ ላይ የጻፈውን ሐምሌ ላይ የረሳ፣ እርሳስ ሲይዝ ጣቱ የሚደነዝዝ ልጅ ነው።

ዘንድሮ ይህን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ለያዛችሁ ባልደረቦቼ ምክሬ አጭር ነው። መስከረምን ምዕራፍ ለመሸፈን አትሩጡበት። የክፍሉን ሥርዓት ልክ እንደ ሒሳብና እንደ አማርኛ ቁጭ ብላችሁ አስተምሩ፤ ማን ማንበብ እንደሚችልና እንደማይችል ደግሞ በገዛ ጆሯችሁ ስሙ። ምዕራፍ አንድ የትም አይሄድም። ተቆጣጣሪ መጥቶ «ለምን ገና ገጽ 3 ላይ ናችሁ?» እንዳይል የምታስተምሩትን ሥርዓት በሳምንታዊ ዕቅዳችሁ ላይ ዓላማውንና ምዘናውን ጨምራችሁ ጻፉት። ዕቅድ ላይ የተጻፈ ነገር ማንንም አያስደነግጥም።

ከመግባታቸው በፊት

ሮስተር፣ ማለትም የተማሪዎች የውጤት መዝገብ፣ ውጤት እንጂ ልጅ አያሳይም። ስለዚህ ጳጉሜን ላይ፣ ሁሉም ሰው ምዝገባ ላይ ሲራኮት፣ አምና አንደኛ ክፍል ያስተማራቸውን መምህር ፈልጉና ሻይ ጋብዙ። ጠይቁ፦ ከማን ጋር ማን ቢቀመጥ ክፍሉ ይበጠበጣል? በደንብ የማያይ ወይም የማይሰማ ልጅ አለ? ሦስተኛውና ዋናው ጥያቄ፦ ሳትታይ የምታልፈው ማን ናት? በየክፍሉ አንዲት እንዲህ ያለች ልጅ አትጠፋም። ደብተሯ ንጹሕ፣ ጽሕፈቷ ያማረ፣ ከሰሌዳ የገለበጠችው አንድም ስሕተት የሌለበት፤ ግን የጻፈችውን አንብቢ ስትባል አንገቷን ትደፋለች። ፊደልን እንደ ሥዕል ነው የምትስለው። ይህችን ልጅ ጥቅምት ላይ ከማወቅ ጳጉሜን ላይ ማወቅ ይሻላል።

ዴስኮቹን ስትደረድሩ ስለ ውበት አትጨነቁ። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ዋናው ጉዳይ የመምህር እግር ሁሉም ጋ መድረሱ ነው። መሐል ለመሐል ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ ተዉ፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ዴስክ አይኑር፤ እዚያ የተቀመጠ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከእናንተ ይሸሸጋል። ያገጠጠ ምስማር ካለ በመዶሻ አስመቱ፤ አዲስ ዩኒፎርም በመጀመሪያው ሳምንት ከተቀደደ ከእናትየው ጋር የምትተዋወቁበት መንገድ ጥሩ አይሆንም። ጣሪያው የሚያፈስበትንም ቦታ አይታችሁ ከሥሩ ዴስክ አንሡ። መስከረም ጠባ ማለት ዝናቡ አባራ ማለት አይደለም።

ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታና የዕለቱ ፕሮግራም ብቻ ይሰቀል። ሌላው ባዶ ይሁንና ልጆቹ በሠሩት ይሞላ። በደማቅ ወረቀት ከላይ እስከ ታች የተሸፈነ ክፍል ለጎብኚ ያምራል፤ ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ዓይን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም።

በግራ እጁ የሚጽፍ ልጅ ካለ በዴስኩ ግራ ጫፍ አስቀምጡት። መሐል ከተቀመጠ ክርኑ ከጓደኛው ክርን ጋር ሲጋጭ ይውላል፤ «ገፋኝ፣ ገፋችኝ» የሚለው ክስ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው። ግራ እጁን አታስለውጡት። አያቱ «በቀኝህ ጻፍ» ቢሉት በአክብሮት አስረዷቸው፤ ምግብ በቀኝ ይብላ፣ ጽሕፈቱ ግን እንደተፈጠረ ይሁን ስትሏቸው አብዛኞቹ ይስማማሉ።

የመጀመሪያው ቀን

ሰልፉ ተሰልፎ፣ ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ፣ መዝሙሩ ተዘምሮ ወደ ክፍል ሲመጡ እናንተ ቀድማችሁ በር ላይ ቁሙ። ልጆቹ ጨብጠዋችሁ ይግቡ፤ ስማቸውንም ይንገሯችሁ። ድምፁ የማይሰማውን፣ እጁ የሚያተኩሰውን፣ ቁርስ ሳይበላ የመጣውን በር ላይ ትለያላችሁ።

ቀድማችሁ ከካርቶን የስም ካርድ ቁረጡ፤ የልጁ ስምና የአባቱ ስም በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ጠረጴዛችሁ ላይ ይበተን። ልጆቹ አምስት አምስት እየሆኑ መጥተው የየራሳቸውን ካርድ ይፈልጉ። ጨዋታ ይመስላል፤ ለእናንተ ግን የመጀመሪያው ምዘና ነው። አንዱ ከሩቅ አይቶ ያነሣል። ሌላው እያንዳንዱን ካርድ እያነሣ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ ይፈትሻል፤ ስሟ በ«ሰ» የምትጀምረው ልጅ የሌላዋን በ«ሰ» የምትጀምር ካርድ ይዛ ትሄዳለች። ሌላው ደግሞ ጓደኛው እስኪሰጠው እጁን አጣምሮ ይቆማል። አስተያየት አትስጡ፣ አታርሙ፤ በልባችሁ ያዙና ዕረፍት ላይ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ። በሁለተኛው ቀን የጓደኛቸውን ካርድ ፈልገው እንዲሰጡ አድርጉ። ይኼኛው ይከብዳል፤ የራሱን ስም በመልክ ብቻ የሚያውቀው ልጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደብተር የሚያስወጣ ሥራ ብዙ አይኑረው። ክረምቱን ያወሩ። እንቁጣጣሽ ገና አልበረደም፤ አበባየሆሽ የዞሩት ልጃገረዶች ያገኙትን ብር እንዴት እንደተካፈሉ ጠይቁ። ከበሮ የመታችው ስንት እንደጨመረች፣ ትንሿ እህት ለምን ግማሽ እንደደረሳት፣ ማን ለምን እንዳኮረፈች ሲያስረዱ ከማንኛውም የማካፈል ትምህርት የተሻለ ክርክር ትሰማላችሁ። ወንዶቹ ደግሞ ሥዕል ሥለው ለየጎረቤቱ ያደሉበትን ይቁጠሩ። የአንዱ ልጅ ሒሳብ የት ላይ እንደሚሰበር በዚሁ ይታወቃል።

ሥርዓት እንዴት ይማራል

ብዙ መምህር ሥርዓትን ያውጃል። «ከእንግዲህ ማንም ሳይፈቀድለት አይነሣም» ብሎ ሰሌዳ ላይ አሥር ደንብ ይጽፋል፤ ከአሥሩ ስምንቱ በ«አት» የሚጀምሩ ናቸው። ልጆቹ በአንድ ድምፅ ያነቧቸዋል፤ በነጋታው ግን አንዱም አይታወስም። በሰባት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ «በሥርዓት ደብተር አስረክቡ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ምንም ምስል የለውም። ምስሉን የምትሰጡት እናንተ ናችሁ።

ደብተር መሰብሰብን እንውሰድ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። አንድ ዴስክ ላይ ከሦስት ልጆች ጋር እቀመጣለሁ፤ ዴስኩ ጠባብ ነው፣ ልጆቹም ገና በመቀመጤ ይስቃሉ። ደብተሬን እዘጋለሁ። ሽፋኑን ወደ ላይ አደርጋለሁ። ከግድግዳ በኩል ያለው ልጅ ለመሐለኛው፣ መሐለኛው ለመተላለፊያ በኩል ላለው ያቀብላል፤ የዳሩ ልጅ ሦስቱንም ደራርቦ ከፊት ለፊቱ ላለው ዴስክ ያቀብላል። የማደርገውን ሁሉ እያደረግኩ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ከዚያ ተነሥቼ ሆን ብዬ አበላሸዋለሁ፦ ደብተሩን በሰው ራስ ላይ እወረውራለሁ፣ ወንበር ላይ እወጣለሁ፣ የጓደኛዬን ደብተር ከሥር አስገብቼ እቀመጥበታለሁ። «ምን አጠፋሁ?» ስል ክፍሉ ይናወጣል። ጥፋቴን አንድ በአንድ ይዘረዝሩልኛል፤ ደንቡንም የሚያወጡት ያኔ ራሳቸው ናቸው። ቀጥሎ አንድ ረድፍ ይሞክራል፣ ሌላው ያያል፣ ከዚያ ሁሉም። ከ30 ወደ ኋላ በአንድ ድምፅ እንቆጥራለን፤ ዜሮ ሳይደርስ ደብተሩ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ መሆን አለበት። ወደ ኋላ መቁጠርንም በዚያው እንለማመዳለን።

እንዲህ ያለውን ሥርዓት በቀን አንድ ብቻ አስተምሩ። ሁለት ካደረጋችሁ ሁለቱም ይጠፋሉ። የመጀመሪያው ሳምንት አገባብና አቀማመጥ፣ ዝም የማለት ምልክት፣ ሽንት ቤት መሄድ፣ ደብተር ማውጣትና ማስረከብ፣ ወደ ቤት መውጣት ይበቃዋል። እጅ ማውጣት፣ ሥራ ቀድሞ የጨረሰ ምን እንደሚሠራ፣ ጥንድ ሆኖ ማንበብ በሁለተኛው ሳምንት ይምጡ።

ዝም ለማሰኘት ዳስተር ጠረጴዛ ላይ አትደብድቡ፤ ከጠመኔው ብናኝ ሌላ ትርፍ የለውም። እኔ ከልጆቹ ጨዋታ የተዋስኩት ምልክት አለኝ። ድብብቆሽ ሲጫወቱ የሚፈልገው «አኩኩሉ!» ሲል ያልተደበቁት «አልነጋም!» ይላሉ፤ ተደብቀው ሲጨርሱ «ነጋ!» ይሉታል። ክፍል ውስጥም ደብተር አስቀምጠው ሌላ እስኪያወጡ ድረስ ቀስ ብዬ «አኩኩሉ» እላለሁ። ያልጨረሰው ረድፍ «አልነጋም»፣ የጨረሰው «ነጋ» ይላል። እኔ ድምፄን በየጊዜው ዝቅ አደርጋለሁ፤ እነሱም እየተከተሉኝ ይወርዳሉ። መጨረሻው «ነጋ» በሹክሹክታ ሲሆን ትምህርቱን እጀምራለሁ። የጎረቤት ክፍል መምህር መጀመሪያ ላይ ታጉረመርም ይሆናል፤ ቆይታ ራሷም ትጀምረዋለች።

ሽንት ቤት። ሁለት የእንጨት ቁራጭ በሲባጎ አስራችሁ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ ስቀሉ፤ አንዱ ለወንድ፣ አንዱ ለሴት። እንጨቱ በቦታው ካለ ልጁ ሳይጠይቅ አንገቱ ላይ አጥልቆ ይወጣል፤ ከሌለ ይጠብቃል። ትምህርቱን እየቆረጠ «ቲቸር፣ ሽንት ቤት!» የሚለው ጩኸት በዚህ ይቀራል። በሩ ላይ ቆሞ እግሩን የሚያጣምር ልጅ ካያችሁ ግን የምን እንጨት፣ የምን ተራ፤ ልቀቁት።

እርሳስ ደግሞ የሁለተኛ ክፍል ዋና በሽታ ነው። አንዱ መቅረጫ ፍለጋ ሦስት ዴስክ ያቋርጣል፣ አንዱ በጥርሱ ይቀርጻል፣ አንዱ ሆን ብሎ ጫፉን ይሰብራል፤ መቅረጽ ከመጻፍ ይቀላልና። መድኃኒቱ ሁለት ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። አንዱ ላይ «ሹል»፣ አንዱ ላይ «ዱልዱም» ብላችሁ ጻፉ። እርሳሱ የደነዘበት ልጅ ዱልዱሙን ጥሎ ሹሉን ይዞ ይመለሳል። በትምህርት ሰዓት መቅረጽ የለም፤ ተረኞቹ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ይቀርጻሉ። ለማስጀመር ጥቂት እርሳስ ከኪሳችሁ መግዛት ሊኖርባችሁ ይችላል። የጣሳው ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ በፕላስተር ሸፍኑት።

ስለ ክፍል አለቃ አንድ ነገር ልበል። አለቃው ሰሌዳ ፊት ቆሞ «የረባሾች ስም» እንዲጽፍ የማድረግ ልማዳችን በእኔ ክፍል ቦታ የለውም። የሰባት ዓመት ልጅን ዳኛ ማድረግ ነው፤ በሳምንቱ ጉቦ በብስኩት ይጀመራል፣ ጠላቱ ሁሉ ዝርዝሩ ላይ ይወጣል። በአንድ አለቃ ፋንታ ብዙ ተረኛ ይኑር፦ ሰሌዳ የሚያጠፋ፣ መስኮት የሚከፍት፣ ደብተር የሚያድል፣ እርሳስ የሚቀርጽ፣ እጅ ሲታጠቡ ውሃ የሚያፈስ። በየሰኞው ይቀያየሩ። ረባሽ የምትሉትን ልጅ አስቀድማችሁ መስኮት ከፋች አድርጉት፤ መነሣት ነው የሚፈልገው፣ በሥራ ይነሣ።

ኩርኩምና አለንጋን በተመለከተ ክርክር የለኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሕጉ ባይኖር እንኳ የተመታ ልጅ መምህሩን ሲያይ የሚያስበው ስለ ፊደል አይደለም።

ቆርቆሮው ሲጮህ

የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያስተማረ ሰው ያውቀዋል። ዝናቡ ሲወርድ ድምፅ የሚባል ነገር አይሰማም፤ መምህሩ ይጮኻል፣ ልጁም ይጮኻል፣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ለዚህ አስቀድማችሁ ዝም የሚባልበት ትምህርት አዘጋጁ። ሰሌዳው ጥግ ላይ ደመና ስትስሉ ሁሉም የፊደል ካርዶቹን ያወጣል። እናንተ ሰሌዳ ላይ ቤት፣ ላም ወይም ድስት ትስላላችሁ፤ እነሱ ስሙ የሚጀምርበትን ፊደል ከካርዶቻቸው መርጠው ከፍ ያደርጋሉ። አንድ ቃል ሳይነገር ሃምሳ መልስ በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። እውነቱን ለመናገር ዝናብ በማይዘንብበትም ቀን ደመና የምስልበት ጊዜ አለ።

ማን ያነባል?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። በሩ ላይ ጨብጣችሁ ያስገባችኋቸውን ልጆች እያሰባችሁ ቁጥሩን እንደገና አንብቡት።

ፊደል ገበታው ፊት ቆመው «ሀ ሁ ሂ ሃ…» ሲሉ ሁሉም ያውቁታል። ዜማው ነው የሚመራቸው። 33ቱ የፊደል ቤቶች ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው 231 ይሆናሉ፤ ያን ሁሉ በዜማ የሚወርደው ልጅ «ቤ»ን ለብቻዋ ነጥላችሁ ብታሳዩት ከ«በ» ጀምሮ ቆጥሮ ካልደረሰባት አያውቃትም። ከንፈሩን ተመልከቱ፤ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ…» እያለ በሹክሹክታ ሲወጣ ታዩታላችሁ። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር ከእኛ በፊት ስላወቁት ነው ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳን የሚያስቆጥሩት። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲባል ግዕዙ ከአንዱ ቤት፣ ካዕቡ ከሌላው፣ ሣልሱ ከሌላው ይመጣል፤ ስለዚህ በዜማ ብቻ መንሸራተት አይቻልም፣ ዓይን መሥራት አለበት። አንዳንድ ወጣት መምህራን ይህን ያረጀ ነገር ይሉታል። እኔ በየጠዋቱ ለጥቂት ደቂቃ አስቆጥረዋለሁ፤ በየቀኑ የተለያየ መስመር፣ የተለያየ ልጅ በማመልከቻ እንጨት እየጠቆመ።

ምዘናው ራሱ ቀላል ነው። ሌሎቹ የጠዋት ሥራቸውን ሲሠሩ በቀን ስድስት ልጅ እየጠራችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ሃምሳ ልጅ ያለበት ክፍል በሁለት ሳምንት ያልቃል። አንድ ወፍራም ወረቀት ላይ ሃያ የተዘበራረቁ ፊደላት ጻፉ፤ ግማሹ ሳድስ ይሁን። ከሥሩ አሥር አጫጭር ቃላት፦ ላም፣ ቤት፣ ዳቦ፣ ውሃ፣ ድመት፣ ጎመን የመሰሉ። መጨረሻ ላይ ልጆቹ የትም ያልሰሙት አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ለምሳሌ «ጥቁሩ በግ የጎረቤቱን ጎመን በልቶ ሮጠ።» ከመጽሐፍ የተወሰደ እንዳይሆን፤ የታወቀውን ታላቅ እህቱ አስጠንታዋለች። ልጁ ሲያነብ አታርሙ፣ ፊታችሁም አይለወጥ። ሲጨርስ «በጉ ምን አደረገ?» በሉት። ሳይደነቃቀፍ አንብቦ ይህን መመለስ የማይችል ልጅ አለ፤ እሱም ሌላ ዓይነት እርዳታ ይፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ ሦስት ዓይነት ይሆኑላችኋል። ፊደሉን ከዜማው ለይተው የማያውቁ፣ ፊደል እየቆጠሩ ቃል ላይ የሚደርሱ፣ እና የሚያነቡ። ቡድኖቹን «ጎበዝ»፣ «መካከለኛ»፣ «ደካማ» ብላችሁ አትጥሩ፤ ልጅ የተሰጠውን ስም ይለብሳል። እኔ በአበባ ስም እጠራቸዋለሁ፤ አደይ፣ ጽጌረዳ፣ ሱፍ። የትኛው የማን እንደሆነ ያውቁት ይሆናል፤ ቢሆንም አደይ መባል አያሳፍርም።

የመጀመሪያው ቡድን ላይ ሙሉውን ገበታ አትጫኑ። ቅርጹን አሳዩ። ካዕብ ብዙውን ጊዜ በስተቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት አለው፤ ሣልስ ጭረቷ ወደ እግሩ ትወርዳለች፤ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ቤን ጎን ለጎን ጽፋችሁ «ጭረቷ የት ሄደች?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ለ፣ ሰ፣ ከ እና ተ ላይ ያንኑ ይፈልጉ። ልጁ ደንቡን ራሱ ሲያገኘው ከሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ምልክት ወደ ጥቂት አሥሮች እንደወረደለት ይገባዋል፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። የ«ረ» እና የ«ፈ» ቤቶች ደንቡን እንደማይከተሉ ግን ቀድማችሁ ንገሩት፤ አለዚያ ተታለልኩ ይላል። «ባ» እና «ቦ»፣ «ሳ» እና «ሶ» የሚምታቱበት ልጅ ብዙ ነው፤ በአንዱ ቀኝ እግር ይረዝማል፣ በሌላው ግራ። እኔ ልጆቹን አስነሥቼ በአንድ እግራቸው አቆማቸዋለሁ፤ በቀኝ ሲቆሙ «ባ!»፣ በግራ ሲቆሙ «ቦ!» ይላሉ። ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ ካሳየሁ ቀኝና ግራው ስለሚገለበጥባቸው ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የምቆመው። ሳድስ ግን ይህ ነው የሚባል አንድ ደንብ የለውም፤ በየቃሉ የሚመላለሰውም እሱ ነው፤ ስለዚህ ካርድ ላይ ጽፋችሁ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በዓይን አስለምዱት።

የሒሳቡ ጠዋት

ለሒሳብ ብዙ አልልም፤ አንድ ጣሳ፣ ስንጥርና ክር ይበቃችኋል። ትምህርት በተገባ ቁጥር አንድ ስንጥር ጣሳው ውስጥ ይጨመር፤ አሥር ሲሞላ ተረኛው በክር ይሰር። ልጆቹ አሥርና አንድን በእጃቸው ይዘው ያድጋሉ። መደመር ላይ «አንድ በእጅ» የሚባለው ነገር ጊዜው ሲደርስ የታሰረችውን አሥር ብቻ ታሳያላችሁ። ከወረቀት የአንድ ብርና የአሥር ብር ቁራጭ ሠርታችሁ ሱቅ ብታጫውቷቸውም ያው ነው፤ 47 ማለት አራት አሥርና ሰባት አንድ ነው። እውነተኛ ብር ግን አታስመጡ፤ ይጠፋል፣ ጠቡም ወላጅ ጋ ይደርሳል።

ቀኑን በየጠዋቱ አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ የሳምንቱን ቀን፣ ወሩን፣ ዓመቱን። ሰዓት ስታስተምሩ የቤቱን ስልክ ያየ ልጅ «ቲቸር፣ እኛ ቤት ስምንት ሰዓት ነው የሚለው» ሊላችሁ ይችላል፤ ልክ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓትን ስልኩ ስምንት ብሎ እንደሚጽፈው ንገሩትና እለፉ፤ የስድስቱን ሰዓት ልዩነት መተንተን ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ቁርስና ምሳ

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆች ቁርስና ምሳ ይመገባሉ። በረሃብ ዴስክ ላይ የሚተኛ ልጅ ቁጥር ቀንሷል፤ ይህን ዓይናችን አይቷል። ለእናንተ ግን አንድ ሥራ ይጨምራል፦ እጅ መታጠብ። ሃምሳ ልጅ በአንድ ቧንቧ ከተለቀቀ ግማሹ ሳይታጠብ፣ ግማሹ ደግሞ ልብሱን ጭምር ታጥቦ ይመለሳል። ረድፍ በረድፍ ይውጡ፤ አንዱ ረድፍ ሲታጠብ ሌላው ተረት ይስማ። ምሳውን ግማሽ በልቶ ግማሹን በላስቲክ የሚቋጥር ልጅ ካያችሁ አትቆጡ፣ ሰው ፊትም አትጠይቁ። ቤት የሚጠብቀው ታናሽ አለ ማለት ነው። ለብቻው አናግሩትና ለርዕሰ መምህሩ ወይም ክፍሎቹን ለሚያስተባብረው ዩኒት ሊደር በጸጥታ አሳውቁ።

ወላጆች

የመጀመሪያውን የወላጆች ስብሰባ ከመስቀል በፊት ጥሩ፤ ከዚያ በኋላ ወላጅ የሚመጣው ለክስ ብቻ ነው። ስለ ደንብ አትስበኩ፤ ከቤት የምትፈልጉትን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ። እኔ የምጠይቀው ልጁ በየማታው ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ነው። በየዓመቱ አንዲት እናት ከስብሰባው በኋላ ቀረት ትልና «ቲቸር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን ብዬ ላግዘው?» ትለኛለች። የምመልስላት ይህን ነው፦ «እርስዎ ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ይቀመጥና ያንብብልዎት። ጣቱ ከሚያነበው ቃል ሥር እየሄደ መሆኑን ይዩ። ሲጨርስ ‹ምን ይላል?› ብለው ይጠይቁት። ካልገባዎት ‹አልገባኝም፣ ድገመው› ይበሉት።» ጣት ማየት ፊደል መቁጠር አይጠይቅም። ይህን የነገርኳቸው እናቶች ብዙ ጊዜ ከተማሩት ወላጆች በላይ ይከታተላሉ፤ የተማረው ወላጅ የቤት ሥራውን ራሱ ሠርቶ ይልክልኛል።

«የቤት ሥራ ለምን አታበዙም?» የሚል አባትም አይጠፋም። በየማታው አንድ ገጽ ማንበብና ሁለት መስመር መጻፍ ለዚህ ዕድሜ እንደሚበቃ ንገሯቸው፤ ከተከራከሩ የልጃቸውን የንባብ ወረቀት አሳዩአቸው። ወሬው ወዲያው ይለወጣል።

ከመስቀል በኋላ

መስከረም 16 ደመራ፣ 17 መስቀል። ክፍለ ሀገር ቤተሰብ ያለው ልጅ አንድ ሳምንት ሊቀር ይችላል፤ ጉራጌ አገር የሄደውማ ክትፎውን ሳይጨርስ አይመለስም፣ አትጠብቁት። ሲመለሱ ያስተማራችሁት ሥርዓት ግማሹ የለም። አትቆጡ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ከልሱ፣ እናንተም እንደገና ደብተሩን በሰው ራስ ላይ ወርውሩ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል። መጽሐፉን በፍጥነት መሄድ የምትጀምሩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ደብተር በመሰብሰብ፣ በመቅረጽ፣ «ዝም በሉ» በማለት የምታጡት ጊዜ ስለሚቀር በጥቅምት መጨረሻ ቀድመው የሮጡትን ትደርሱባቸዋላችሁ።

አዲስ ልጅም የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከሌላ ክፍለ ከተማ የተዛወረ፣ ከገጠር ዘመድ ጋ የመጣ፣ አንዳንዴም ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር። ባዶ የስም ካርዶች መሳቢያችሁ ውስጥ ይኑሩ፤ ስሙን እሱ እያያችሁ ጻፉለት። አጠገቡ የምታስቀምጡት ልጅ በትምህርቱ አንደኛ የሆነውን ሳይሆን ወሬ የሚወደውን ይሁን፤ እንጨቱ የት እንደሚሰቀል፣ የትኛው ጣሳ የዱልዱም እንደሆነ፣ «አኩኩሉ» ሲባል ምን እንደሚመለስ ያ ልጅ በአንድ ዕረፍት ነግሮት ይጨርሳል። የንባብ ወረቀቱን ግን በመጀመሪያው ቀን አታውጡ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ካያችሁት በኋላ፣ አጠገባችሁ አስቀምጡትና ስለ ጥቁሩ በግ ያንብብላችሁ።